ግድግዳና ሙቀት፦ የደጋ ቤት አሠራር ታሪክ ምን ያስተምረናል?

ስለ አገራችን የቤት አሠራር የተጻፈው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ስለ ቤተ መንግሥትና ስለ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሐውልቱ ስንት ሜትር እንደሚረዝም፣ ግንቡን ማን እንዳሠራው፣ ውቅሩ ቤተ ክርስቲያን በማን ዘመን እንደ ተፈለፈለ እንማራለን። ዳሩ ግን በዚህ ሁሉ ዘመን ባላገሩ ማታ ማታ የት እንዳደረና የሌሊቱን ብርድ እንዴት እንደ ተከላከለ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣን ይህ ጉድለት ነው። ነገሩ የታሪክ ብቻ ሳይሆን የዛሬም ጕዳይ ነው፤ ምክንያቱም በአዲስ አበባና በሌሎች የደጋ ከተሞች አሮጌው ቤት በያለበት እየፈረሰ በምትኩ አዲስ ሲሠራ፣ ምን እንደ ተወን ሳናውቅ ልንተወው እንችላለን።

ሥራውን ስንጀምር የያዝነው አሳብ ብዙ ሰው የሚይዘው አሳብ ነበረ። ይኸውም የጥንቱ ቤት የሚሞቀው ግድግዳው ወፍራም ስለ ሆነ ነው፣ የዛሬው ቤት የሚበርደው ግድግዳው ስለ ሳሳ ነው የሚል ነው። ታሪኩን ስንመረምርና ጥቂት ስሌት ስናደርግ ግን ይህ አሳብ በከፊል እውነት፣ በከፊል ስሕተት ሆኖ አገኘነው። ስሕተቱ የት ላይ እንደ ሆነ ማሳየት የዚህ ጽሑፍ ዋና ዓላማ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ዓ.ም. ያልነው የኢትዮጵያን አቈጣጠር ነው፤ የውጭ አገር ዘመን ሲሆን እ.ኤ.አ. እንላለን።

ድንጋይና እንጨት

በአክሱም ዘመን ታላላቅ ሰዎች የሚሠሩት ቤት ግድግዳው ድንጋይ በጭቃ እየተያያዘ የሚካብ ሆኖ፣ በመካከሉ በየረድፉ እንጨት ይጋደምበት ነበር። በአግድም የተኙትን እንጨቶች የሚያያይዙት አጫጭር ግንዶች ጫፋቸው ከግድግዳው ወጥቶ ስለሚታይ የዝንጀሮ ራስ ተብለው ይጠራሉ። የእንጨቱ ሥራ በዘመን ብዛት ቢጠፋም፣ መልኩ በአክሱም ሐውልቶች ላይ በድንጋይ ተቀርጾ ቀርቶልናል። በደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያንና በላስታ በዋሻ ውስጥ ባለው በይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ እንጨቱና ድንጋዩ ተፈራርቀው እስከ ዛሬ ይታያሉ።

እንጨት ሙቀትን የማሳለፍ ኀይሉ ከድንጋይ ዐሥር እጅ ያህል ያንሳል። ይሁን እንጂ አክሱማውያን እንጨቱን ያስገቡት ለሙቀት ነው ብለን ልንናገር አንደፍርም። በጭቃ ብቻ የተያያዘ ድንጋይ እንዳይሰነጠቅና እንዳይተረተር ማሠሪያ ያስፈልገዋልና፣ እንጨቱ የገባው ለጥንካሬ መሆኑ ግልጽ ነው። የታሪክ ተማሪ ዛሬ የሚያውቀውን ጥቅም ለጥንት ሰዎች አሳብ አድርጎ እንዳይቈጥር መጠንቀቅ አለበት።

በ1628 ዓ.ም. ገደማ ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን መናገሻ ካደረጉ በኋላ በኖራ የተያያዘ የድንጋይ ግንብ የቤተ መንግሥት ሥራ ምልክት ሆነ። ኖራ ግድግዳውን አጠነከረ፣ ከዝናብም ጠበቀ፤ የድንጋዩን ቅዝቃዜ ግን አልለወጠም። ከግንቡ አጥር ውጭ የነበረው ሕዝብም በጭቃና በሣር ቤት መኖሩን ቀጠለ። እንግዲህ የብዙኀኑን ታሪክ የምንፈልገው ከግንቡ ሳይሆን ከጭቃው ነው።

የጭቃ ቤት

የጭቃ ቤት አሠራር ለሁላችን የታወቀ ስለ ሆነ ብዙ ሰው እንደ ዕውቀት አይቈጥረውም። በመጀመሪያ ቋሚው እንጨት ተራርቆ ይተከላል፤ ማገር በአግድም ይመታበታል ወይም ይታሰርበታል። ከዚህ በኋላ አፈሩ ከጭድ ጋራ ተደባልቆ በውሃ ይቦካል፣ በእግር ይረገጣል፣ ለቀናትም እየተገለበጠ እንዲሰነብት ይደረጋል። ግድግዳው ከተመረገ በኋላ እስኪደርቅ ይጠበቅና ይለሰናል፤ የመጨረሻውም ልስን ብዙ ጊዜ እበት የገባበት ነው። ጭዱ ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛው ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ መያዝ ነው። ሁለተኛው ደግሞ በጭቃው መካከል አየር እንዲቀር ማድረግ ነው፤ ስለዚህ ጭድ የበዛበት ጭቃ ቀላልና ከድንጋይ ይልቅ ሙቀትን የማያሳልፍ ይሆናል።

ብርድ በሚጸናበት ደጋ፣ እንጨት በጠፋበትና ድንጋይ በሞላበት አገር፣ ለምሳሌ በመንዝና በላስታ፣ ግድግዳው የድንጋይ ካብ ይሆናል። በትግራይ ሕድሞ የሚባለው ቤት ደግሞ ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ ሆኖ ጣራው ዐፈር የተደለደለበት ነው። በነዚህ አገሮች ሁሉ ከብት ከሰው ጋራ በአንድ ጣራ ሥር ማሳደር የቈየ ልማድ ነው፤ በአንዳንዱም ስፍራ ከብቱ ከታች፣ ሰው ከላይ ያድራል። ይህን ልማድ ከንጽሕና ጕድለት ብቻ የሚቈጥሩ ሰዎች አሉ። ነገር ግን አንድ ሰው ዐርፎ ሲቀመጥ ከሰውነቱ የሚወጣው ሙቀት 100 ዋት ያህል እንደ ሆነና የአንዲት ላም ሙቀት ቢያንስ የሦስት ሰው እንደሚሆን ስናስብ፣ ባላገሩ ምድጃው ከጠፋ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ቤቱን የሚያሞቅለት ነገር እንደ ነበረው እንረዳለን። እርግጥ ጢሱና ትንፋሹ ለጤና መልካም አልነበረም።

እዚህ ላይ የመንዝን ባና ማንሣት ይጠቅማል። ባና ከበግ ጠጕር የሚሠራ ወፍራም ልብስ ነው። ባናው በራሱ ሙቀት የለውም፤ በጠጕሩ መካከል የቆመው አየር የለባሹን ሙቀት እንዳይወጣ ስለሚከለክለው ነው የሚያሞቀው። የሣር ክዳንም እንደዚሁ ነው። ሰንበሌጡ በወፍራሙ ተደራርቦ ሲከደን በያንዳንዱ አገዳ ውስጥና መካከል የማይንቀሳቀስ አየር ይቀራል። እንግዲህ የሣር ክዳን የቤቱ ባና ነው ማለት ይቻላል።

የማገዶ ነገር

ሙቀትን የመጠበቅ ታሪክ ከማገዶ ታሪክ ተለይቶ አይታይም። ዳግማዊ ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ የሰፈሩበት እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ነፋስ የሚበዛበትና ብርድ የሚጸናበት ተራራ ነበረ። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ በፍል ውሃ አጠገብ ቤት አሠርተው ሕዝቡ ወደ ሜዳው መውረድ ሲጀምር፣ ከምክንያቶቹ አንዱ ይህ የአየር ጠባይና የውሃው ሙቀት ነበረ። አዲስ አበባ ከተቈረቈረች በኋላ ግን በዙሪያዋ የነበረው ደን ለቤት ሥራና ለማገዶ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተመናመነ። በ1893 ዓ.ም. ገደማ ዋና ከተማው ወደ ምዕራብ ወደ አዲስ ዓለም እንዲዛወር ታስቦ በዚያ የቤተ መንግሥት ሥራ እስከ መጀመር ተደርሶ ነበር። አሳቡ የተተወው ለከተማዋ ብዙ ሥራ ከፈሰሰባት በኋላ መልቀቁ ስለ ከበደና ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ በቶሎ አድጎ የእንጨቱን ችግር ስላቃለለ ነው።

ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ የምናነበው እንደ ባሕር ዛፍ ታሪክ ነው። እኛ ግን በሌላ በኩል ልናየው እንወዳለን። አንድ ከተማ የሚፈጀው ማገዶ ለወጥና ለእንጀራ ብቻ ሳይሆን ብርድን ለማራቅም ነው፤ ስለዚህ ሙቀትን የሚጠብቅ ቤት በተዘዋዋሪ መንገድ ደንን የሚጠብቅ ቤት ነው። ባሕር ዛፍ ማገዶውን አበዛ እንጂ የማገዶውን ፍጆታ አልቀነሰም። ዳሩ ግን ለከተማው ግድግዳ ቋሚና ማገር ሰጠ። የባሕር ዛፍ እንጨትና ጭቃ የአዲስ አበባ ቤት ዋና መሣሪያ ሆኖ ቈየ፤ በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቈጠራ ጊዜ እንኳ በከተማዋ የሚበዙት ቤቶች ግድግዳቸው ከእንጨትና ከጭቃ ነበረ።

ቆርቆሮ

ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። በአጋሰስ ጭነት በብዙ ድካም ይመጣ የነበረው የቆርቆሮ ክዳን ከዚያ ወዲህ በብዛት መጣ። ቆርቆሮ እንደ ሣር በየጊዜው መታደስ አያስፈልገውም፤ ከእሳት ይሻላል፤ ዝናብ አያስገባም፤ አይጥና ምስጥ አይበላውም፤ ባለቤቱንም ያስከብራል። እነዚህ ሁሉ እውነተኛ ጥቅሞች ናቸውና ሣሩን የተወውን ሰው መውቀስ አይገባም። ነገር ግን ቆርቆሮ ቀን ፀሐይን፣ ሌሊት ብርድን ሳይከለክል ያሳልፋል። የከተማው ሰው ይህን በቶሎ ስለ ተረዳ አቡጀዲ ወጥሮ ኮርኒስ አደረገ፤ በግድግዳውም ላይ ጋዜጣ ለጠፈ። ጋዜጣው ለጌጥና ለንጽሕና ቢሆንም በስንጥቁ የሚገባውን ነፋስ ይከለክል ነበር። ኮርኒሱም በራሱና በቆርቆሮው መካከል አየር ያቆማል። ሁለቱም የደኻ ሰው ብልሃት ናቸው እንጂ ተራ ነገር አይደሉም።

ጥቂት ስሌት

አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። ለንጽጽር ያህል ወለሉ 5 ሜትር በ5 ሜትር፣ የግድግዳው ቁመት 2 ሜትር ተኩል የሆነ ቤት እናስብ። የግድግዳው ስፋት 50 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ጣራው ዘመም ስለሚል 30 ካሬ ሜትር እንበለው። ውስጡ ከውጭው በ10 ዲግሪ ይሙቅ። በርና መስኮቱን፣ ወለሉንና በስንጥቅ የሚገባውን ነፋስ ለጊዜው እንተው። የያንዳንዱን ዕቃ ሙቀት የማሳለፍ መጠን በተለመደው ልክ ወስደን፣ በሁለቱ ፊቶች ላይ ተጠግቶ የሚቆመውንም ስስ አየር ጨምረን ስናሰላ፣ በአንድ ካሬ ሜትር የሚወጣው ሙቀት በግምት የሚከተለው ይሆናል።

70 ሴንቲ ሜትር የሆነ የድንጋይና የጭቃ ካብ 16 ዋት ያሳልፋል። 25 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጭድ የበዛበት የጭቃ ግድግዳ 17 ዋት፣ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ የሲሚንቶ ብሎኬት ከነልስኑ 25 ዋት ያሳልፋል። ወደ ጣራው ስንመጣ 25 ሴንቲ ሜትር የሆነ የሣር ክዳን 3 ዋት ብቻ ሲያሳልፍ፣ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ 70 ዋት ያሳልፋል።

ከዚህ የምንረዳው ነገር ለኛም ያልጠበቅነው ነበረ። በመጀመሪያ፣ የመንዙ ወፍራም ካብ ውፍረቱ ከጭቃው ግድግዳ ወደ ሦስት እጅ ቢጠጋም ሙቀትን በመከልከል ከሞላ ጐደል እኩል ነው። ሁለተኛ፣ የጭቃ ግድግዳና የሣር ክዳን ያለው ቤት በጠቅላላው 940 ዋት ሲያወጣ፣ በዚያው ግድግዳ ላይ ቆርቆሮ ቢከደን 2,950 ዋት ያወጣል። ግድግዳው ሳይነካ ኪሣራው ሦስት እጅ ሆነ ማለት ነው። ብሎኬትና ቆርቆሮ ሲሆን ደግሞ 3,350 ዋት ይደርሳል። እንግዲህ የጥንቱን ቤት ያሞቀው ከግድግዳው ይልቅ ክዳኑ ነበረ።

ታዲያ ወፍራሙ ግድግዳ ጥቅም አልነበረውምን? ነበረው፤ ሥራው ግን ሌላ ነው። ሙቀትን መከልከልና ሙቀትን ማኖር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የጭቃ ወይም የድንጋይ ግድግዳ ቀን ከፀሐይ የተቀበለው ሙቀት ወደ ውስጥ የሚደርሰው ከ10 እስከ 12 ሰዓት ያህል ቈይቶ ነው። በበጋ ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ውርጭ በሚሆንበት ደጋ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው፤ የቀኑ ሙቀት ለሌሊት ይደርሳልና። በክረምት ግን ፀሐይ ለሳምንታት ስለምትሰወር ግድግዳው የሚያኖረው ሙቀት የለም። እርጥበትም ከገባበት ሙቀትን የማሳለፍ ኀይሉ ይጨምራል። የጥንቱ ሠሪ ክፍክፉን አርቆ የሚያወጣው፣ ግድግዳውንም በድንጋይ መሠረት ላይ የሚያሳርፈው ከዚህ የተነሣ ነው። በአጭሩ ግድግዳው ጎተራ፣ ክዳኑ ባና ነበረ፤ ቤቱም ሁለቱን ይፈልግ ነበር።

የሌሎች ትምህርት

ግድግዳንም ባና ማልበስ ይቻላል የሚለው አሳብ በሌላ አገር በሁለት መንገድ ተገኝቷል። አንደኛው ችግር ነው። በአሜሪካ በነብራስካ ግዛት በአሸዋማው ኮረብታ አገር የሰፈሩ ገበሬዎች እንጨትም ለግንብ የሚሆን አፈርም ስላጡ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በመኪና የታሠረ የጭድና የሣር እስር እንደ ጡብ እየደረደሩ ቤት ይሠሩ ጀመር። እስሩን ከውስጥና ከውጭ ይለስኑታል። አርተር በምትባል ከተማ በ1928 እ.ኤ.አ. በዚህ ዐይነት የተሠራ ቤተ ክርስቲያን እስከ ዘመናችን ቆሞ ቈይቷል።

ሁለተኛው መንገድ ድንጋጤ ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. የነዳጅ ዋጋ በድንገት ሲንር አውሮፓውያን ቤታቸው የሚፈጀውን ዘይት መቍጠር ጀመሩ። በ1975 እ.ኤ.አ. በዴንማርክ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ግድግዳው 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከድንጋይ በተፈተለ ጥጥ የተሞላ የሙከራ ቤት ተሠራ። በ1991 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር በዳርምሽታት ከተማ ሰዎች የገቡበት ቤት ደግሞ ይህን አሳብ ወደ ፍጻሜ አደረሰው። ከዚያ ወዲህ በወጣው ደንብ መሠረት እንዲህ ያለ ቤት ለማሞቂያ በዓመት ለአንድ ካሬ ሜትር ከ15 ኪሎዋት ሰዓት በላይ መፍጀት የለበትም። ብልሃቱ ከባናው አይለይም፤ የቆመ አየር በወፍራሙ፣ ነፋስ የማያስገባ ስፌት፣ ለትንፋሽም የታሰበበት መተንፈሻ ነው።

ወደ አገራችን ሲመለስ

ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ በብዛት የተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግድግዳቸው ብሎኬት ነው። በፎቅ ቤት ውስጥ ጣራ የሚነካው የላይኛውን ቤተሰብ ብቻ ስለ ሆነ፣ ለሌላው ሁሉ የሙቀቱ ነገር የሚወሰነው በግድግዳውና በመስኮቱ ነው። ስለዚህ በጎጆው ዘመን ሁለተኛ የነበረው ግድግዳ ዛሬ አንደኛ ሆኗል፤ እኛ ግን ክዳኑን ስንተው የክዳኑን ሥራ ለግድግዳው አላስተላለፍንም። የዚህ ውጤት ምቾት ማጣት ብቻ አይደለም። በክረምት በርና መስኮት ዘግተው ከሰል አንድደው ያደሩ ሰዎች በጭሱ መርዝ ሕይወታቸው ማለፉን በየጊዜው እንሰማለን። ግድግዳው ያልጠበቀውን ሙቀት ሰው በከሰል ሊተካ ሲሞክር የሚደርስ ጥፋት ነው።

በስሌታችን ያሰብነው የብሎኬት ቤት ላይ ከውጭ በኩል 10 ሴንቲ ሜትር የተጠቀጠቀ ጭድ ተደርጎ ቢለሰን፣ ከኮርኒሱም በላይ 15 ሴንቲ ሜትር ጭድ ቢነጠፍ፣ 3,350 የነበረው ወደ 400 ዋት ይወርዳል። ይህም አራት ሰው ተቀምጦ ከሚሰጠው ሙቀት ጋራ እኩል ነው። እርግጥ መስኮቱንና ነፋሱን ስለ ተውን እውነተኛው ኪሣራ ከዚህ ይበልጣል፤ ንጽጽሩ ግን አይለወጥም።

በዚህ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ቀላልም አይደሉም። ጭድ ከረጠበ ይበሰብሳል፤ ምስጥና አይጥ ይወዱታል፤ ሳይለሰን ከቀረ እሳት ይበላዋል። ከሁሉ የሚከብደው ግን ጭድ በአገራችን ትርፍ ነገር አለመሆኑ ነው። የከብት መኖ ነው፤ በበጋ ዋጋው ይወደዳል። ለከተማ ሰው ግድግዳ ሲባል የባላገሩን በሬ ማስራብ አይገባም። ስለዚህ አንድ ዕቃ ብቻ ለሁሉ ይሆናል አንልም። በስምጥ ሸለቆ የሚገኘው ፑሚስ የሚባለው ቀላል ድንጋይ በውስጡ አየር የሞላበት ነው፤ ብሎኬትም ይሠራበታል። መኖ የማይሆን ሣርና የእንጨት ፍቅፋቂም ሊመረመር ይገባዋል።

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት ፍርድ ይህ ነው። ወደ ጎጆ እንመለስ ማለት ከንቱ ነው፤ ቆርቆሮውም ብሎኬቱም የመጡት በቂ ምክንያት ስለ ነበራቸው ነው። ነገር ግን አባቶቻችን ግድግዳና ክዳን ብለው የለዩት ሁለት ሥራ ነበረ፤ እኛ አንዱን ጥለን አንዱን አስቀረን። የጣልነውን ሥራ በአዲስ ዕቃ መልሶ መሥራት ለሠሪውና ለመሐንዲሱ የሚተው ነው። ለታሪክ ተማሪ የሚቀረው ግን ቤቶቹ ፈርሰው ሳያልቁ የግድግዳውን ውፍረት፣ የጭቃውን ድብልቅና የክዳኑን ልክ እየለካ መመዝገብ ነው። ይህ ሥራ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንድ መለኪያ ሜትር፣ አንድ ደብተርና የቤቱን ባለቤት በትዕግሥት ማዳመጥ ይበቃዋል። በየክፍለ ሀገሩ የመጣን ተማሪዎች በዕረፍት ጊዜያችን በየአገራችን እንድንጀምረው እንለምናለን። በስሌታችንም ሆነ በታሪኩ ስሕተት ያገኙ መምህራን ቢያርሙን በምስጋና እንቀበላለን።